መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄደው

ጥቅምት 2014 ሊያልቅ አካባቢ፣ ደሴ ጨለማ ውስጥ ስትገባ፣ እኛ ቤት ሰባ ኪሎ ጤፍ ነበር። ዱቄት ግን አንድ ጣሳ አልነበረም።

እናቴ ጤፍ በዓመት አንዴ በጅምላ ማስገባት ትወዳለች። ጓዳ ውስጥ በማዳበሪያ ተደርድሮ ሳየው ልቤ ይሞላ ነበር። ጦርነቱ ከተማው ድረስ ሲመጣ እንኳ "ቢያንስ እህል አለን" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ነገሩ የገባኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። መብራት የለም። መብራት ከሌለ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው። በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ደግሞ ናፍጣ የለውም። ቢፈጭልንስ በምን እንጋግረው? ምጣዳችን የኤሌክትሪክ ነው። የማገዶውን ምጣድ "ቦታ ያጣብባል" ብለን ለገጠር ዘመድ ከሰጠነው ቆይቷል።

ሰባ ኪሎ እህል ታቅፈን ቆሎ ፍለጋ ጎረቤት ወጣን።

ቆሎውን የሰጡን ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። የ66ቱንም የ77ቱንም ረሃብ እዚሁ ወሎ ሆነው ያዩ ሰው ናቸው። በሶም ጨምረው በፌስታል ቋጠሩልኝና "ልጄ፣ ጤፍ እኮ እህል ነው እንጂ ስንቅ አይደለም" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለክፉ ቀን ስለ መዘጋጀት ሰው ሲጠይቀኝ የምጀምረው ከዚህች ነው። ስንቅ ማለት ሌላ ነገር ሳይጠብቅ የሚበላ ነው። ወፍጮ አይጠብቅም፣ ምጣድ አይጠብቅም፣ አንዳንዴ እሳትም አይጠብቅም። ውሃም፣ ብርሃንም፣ ገንዘብም፣ መረጃም እንደዚያው እህልና ስንቅ አላቸው። ባንክ ያለው ብር እህል ነው። ኪስ ውስጥ ያለችው ሃምሳ ብር ስንቅ ናት። ስልክ ውስጥ የተመዘገበ ቁጥር እህል ነው፤ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስንቅ።

ምን ከምን ጋር ታስሯል?

ከተማ ውስጥ ብዙው ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ሽቦ ላይ ነው። ይህ በደህና ቀን አይታይም።

መብራት ሲጠፋ ሁላችንም መጀመሪያ የምንፈልገው ሻማ ነው። ሻማውን ልጅ ይፈልግ፤ እናንተ ጀሪካን አውጡ። የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከጉድጓድ በፓምፕ እየተገፋ ነው ከፍታ ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ የሚወጣው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ግን ወደ ታች መውረዱን አይተውም። ስለዚህ ቧንቧው ለተወሰነ ሰዓት፣ ሲያድለን ለአንድ ቀን፣ ይፈስሳል። ሰው "ውሃው እንኳ አለ" ብሎ የሚዘናጋው ያን ጊዜ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ሮቶ ያላቸውም ቢሆኑ ውሃውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ዲናሞ ከሆነ ከእኛ ብዙም አይሻሉም።

ስልክም እንዲሁ ነው። የኔትወርክ ማማው ባትሪ አለው። ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ። መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ሰዓት ስልክ ይሠራል፤ በሁለተኛው ቀን ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሰዓት ዘመድ ጋ የሚደወልባት እንጂ ቲክቶክ የሚታይባት አይደለችም። ጥሪ አልገባ ካለ አጭር መልእክት ሞክሩ። ድምፅ በማያልፍበት ደካማ ኔትወርክ መልእክት ሾልኮ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ኔትወርኩ ሲሄድ ቴሌብርም፣ የባንክ መተግበሪያውም፣ ኤቲኤሙም አብረው ይሄዳሉ። ማደያ ውስጥ ነዳጅ ቢኖር እንኳ የሚቀዳው ማሽን በመብራት ነው። ባለሱቁ ደግሞ ጥሬ ብር ካልሆነ አይቀበልም፤ ቢቀበልም መልስ የለውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ብርሃን፣ ወፍጮና ምጣድ ወዲያው ይሄዳሉ። ኔትወርክ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል። ውሃ አንድ ቀን ያህል ዘግይቶ ይሄዳል። ጥሬ ብር በሳምንቱ ያልቃል። መድኃኒት ከዚያ በኋላ ነው የሚያልቀው፤ ሲያልቅ ግን ከሁሉም ይከፋል። ይህ ሁሉ እንዲሆን ጦርነት አያስፈልገውም። ነሐሴ ላይ አንድ ክፉ ዝናብ ምሰሶ ሲጥል፣ ወይም ናዳ መንገድ ሲዘጋ፣ ያው ሰንሰለት በትንሹ ይደገማል። ደሴ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን አያጣውም።

ውሃ፤ ደሴ ላይና ኮምቦልቻ ላይ

ስሙ ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ መሄድ ምን እንደሚመስል የደሴ ሰው ያውቀዋል። ቀልዱን ትተን ወደ ቁጥሩ እንግባ።

በአደጋ ጊዜ የሚሠሩ የረድኤት ድርጅቶች የሚመሩበት ልክ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ነው። ይህ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለመታጠቢያ ሁሉ ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ካሰብን 5 ሊትር ይበቃል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን 75 ሊትር ማለት ነው። ያ አራት ጀሪካን አይሞላም። አራት ጀሪካን ደግሞ አልጋ ሥር ይገባል።

ጀሪካኑ ቀድሞ የምግብ ዘይት የነበረበት ቢሆን በኦሞና በሙቅ ውሃ ታጥቦ ያገለግላል። ነዳጅ፣ ቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ግን ስንት ጊዜ ብታጥቡት ለመጠጥ አይሆንም። ሞልታችሁ መደርደሪያ ላይ አትስቀሉት። ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው፤ ሲወድቅ ሰው ይጎዳል። እኛ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አሮጌው ውሃ ለልብስ ይሄድና አዲስ ይሞላል። መጀመሪያ ልጆቹ ያጉረመርሙ ነበር። አሁን ራሳቸው ናቸው የሚያስታውሱኝ።

ውሃው አጠራጣሪ ከሆነ ይፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚንተከተከው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚያስቸግሩትም ለዚሁ ነው፤ የሚታማው ግን እንጨቱ ነው። የጤና ባለሙያዎች ምክር ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ሰው ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰው 3 ደቂቃ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አንዷ ደቂቃ ትበቃታለች። ደሴ ሦስት ትፈልጋለች። በመካከላቸው የሀረጎ ተራራና 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ ነው ያለው።

ማገዶ ከሌለ ክሎሪን አለ። ውሃ አጋርን የመሰለ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ማከሚያ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። በረኪና ብቻ ካለ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት፣ ኃይሉም ከ5 እስከ 6 በመቶ መሆኑ የተጻፈበት ይሁን። ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ይበቃል። ውሃው ከደፈረሰ በንጹህ ነጠላ አጥልሉትና 4 ጠብታ አድርጉ። አማስላችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ኃይሉ ያልተጻፈበትን አትመኑ። ተከፍቶ ወራት የቆየውንም እንዲሁ፤ በረኪና ሲቆይ ይደክማል። ጀሪካን ሙሉ ውሃ በግምት "ዠር" አድርጎ ማከም የሚባል ነገር የለም።

ክረምት ላይ ደግሞ ጣሪያችን ራሱ ምንጭ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ከሆነና 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ይወርዳል። ሩብ ያህሉ ቢባክን እንኳ አሥራ አምስት ጀሪካን ነው። ሐምሌ ላይ ይህን የሚያህል ዝናብ በአንድ ከሰዓት ይወርዳል። አሸንዳውን አስተካክሎ በርሜል መደቀን ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የዓመቱን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይፍሰስ። ቀጥሎ ያለው ለልብስና ለዕቃ እንዲሁ ይሆናል፤ ለመጠጥ ከተፈለገ መፍላት ወይም መታከም አለበት።

የእማማ ጓዳ

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም፤ አያቶቻችን ጨርሰውታል። ገብስ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። መቆላቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። እርጥበቱን ስለሚያወጣ ዱቄቱ ቶሎ አይሻግትም። አንዴ ስለበሰለ ደግሞ እንደገና እሳት አይፈልግም። ውሃ ከተገኘ ይበጠበጣል፤ ትንሽ ጨው፣ ካለም ማር ወይም ቅቤ ጣል ተደርጎበት ይጨበጣል። "አበበ በሶ በላ" እያልን ፊደል የቆጠርነው ሰዎች ዛሬ ጓዳችን ውስጥ በሶ የለም። ይገርመኛል።

የእማማን ጓዳ ያን ቀን በደንብ አይቼዋለሁ። በሶ በትልቅ ጣሳ፣ ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ። ቆሎ በሌላ ጣሳ። ድርቆሽ በከረጢት ተንጠልጥሏል፤ አይጥ እንዳይደርስበት ገመዱ መሃል ላይ ሽቦ አለ። ሽሮና በርበሬ። አንድ ጠርሙስ ንጥር ቅቤ። ጨው ከሚገባው በላይ። ሁሉም አንድ ላይ ከአንድ የልብስ ሻንጣ አይበልጥም። ገንዘብም ቢሆን የሰባ ኪሎ ጤፍ ዋጋ አይሆንም።

የሚያስፈልገው የአንድ ሳምንት ነው። የዓመት አይደለም። እሱም በአንድ ቀን አይገዛም፤ ደመወዝ በመጣ ቁጥር ከተለመደው ላይ አንድ ኪሎ መጨመር ነው። ጥቅምት ሲብት ሰማዩ ስለሚጠራ ድርቆሽና ቋንጣ የሚዘጋጀው ያኔ ነው። በክረምት ለማድረቅ መሞከር ሻጋታ ማምረት ነው። አዲሱን ከኋላ አስገቡ፣ አሮጌውን ከፊት ብሉ። እንግዳ ሲመጣ ከዚያ ይቅረብ። የማይነካ ቀለብ የነቀዝ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት የአጥሚት እህሉን ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሕፃን በቆሎ አይሸነገልም።

ጤፉስ? ጤፉ ይኑር። ብቻ ከእሱ አሥር ኪሎ ያህሉ ሁልጊዜ ተፈጭቶ ይቀመጥ። እኛ የማገዶውን ምጣድ ከዘመድ አስመልሰናል። ትንሽ አፍረን ነበር። እሳቸው ግን ሳቁና "ይህንን ቀን ስጠብቅ ነበር" አሉን።

ፍሙ ቀላ ማለት መርዙ ወጣ ማለት አይደለም

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር። ለክፉ ቀን ብለን ከምናደርጋቸው ነገሮች ውስጥ ራሱ ገዳይ የሆነ አንድ አለ። ከሰል ነው።

ደሴ ትበርዳለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መብራት ከጠፋ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ለማንም የሚመጣ ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቅ የሚመስለው "ጭሱ ይውጣና ፍም ሲሆን አስገባዋለሁ" እያለ ነው። ችግሩ ጭሱ አይደለም። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍም በደንብ ያመርተዋል። ደም ውስጥ ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ሰውየው ይተነፍሳል፣ አየሩ ግን ለሰውነቱ አይደርስም። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል። ከዚያ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። ተኝቶ ከሆነ ይህንንም አያውቀውም።

ጨው ብትነሰንሱበት ለውጥ የለውም። ውሃ በሳህን ብታስቀምጡም እንዲሁ። መስኮቱን "ትንሽ ገርበብ" ማድረግም አያስተማምንም። ከሰል ደጅ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ማድ ቤት ይነድ፣ እዚያው ይጥፋ። ለብርድ ሌላ ዘዴ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሰብሰብ ብሎ መተኛት፣ ብርድ ልብስ መደረብ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጎ በፎጣ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ። ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ብላችሁ አትለፉት። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፤ የደከመውን ተሸክማችሁ አውጡና ሐኪም ቤት ውሰዱ። ጄኔሬተርም ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ነው ቦታው።

ለብርሃን ደግሞ ኩራዝና ሻማ የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ። አንድ አነስተኛ የፀሐይ መብራት ቀን ግድግዳ ላይ አውጥቶ መርሳት ነው፤ አንዳንዱ ስልክም ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ። ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የሄደው መብራት አይደለም፤ ሲመለስ በኃይል የሚገባው ነው። አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው በርቶ ይቅር፤ መምጣቱን እሱ ይነግራችኋል።

ዝርዝር ብርና ወረቀት

በዚያ ወር ባንኮች ዝግ ነበሩ። ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት ይዤ ጨው መግዛት አቅቶኝ ያውቃል። ሱቁ ውስጥ ጨው ነበር፣ እኔም ብር ነበረኝ፣ መልስ ግን ማንም ዘንድ አልነበረም። አሁን የአንድ ሳምንት የገበያ ወጪ የሚሆን ብር በአሥር፣ በሃምሳና በመቶ ዘርዝሬ ቤት አስቀምጣለሁ። ከዚያ በላይ ቤት ማኖር ደግሞ ለሌባም ለእሳትም ግብዣ ነው።

ወረቀት ላይ ደግሞ ቁጥሮች። እስቲ አሁኑኑ ስልካችሁን አስቀምጡና የባለቤታችሁን ቁጥር በቃላችሁ በሉት። እኔ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች አምታትቼ ነበር። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ፤ ሁሉም በእስክሪብቶ ተጽፈው በር ጀርባ ይለጠፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የእሳት አደጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 939 የአዲስ አበባ ነው፤ የደሴንና የኮምቦልቻን የአካባቢ ቁጥር ከቀበሌ ጠይቆ መጻፍ ያስፈልጋል።

ፋይዳ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች የክትባት ካርድ። የሁሉም ኮፒ በላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ፎቶው ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይላክ። እንዲሁም ስልክ ካልሠራ የት እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዱ ቦታ ሰፈር ውስጥ፣ ሌላው ከከተማ ውጭ። የእኛ ሁለተኛው ሐይቅ ያለችው አክስቴ ቤት ነው። አክስቴም እንደምታውቅ አረጋግጫለሁ፤ ይህ አይረሳ።

ከጦሳ ሥር መኖር

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ አፋር እየተሰበረ ይወርዳል። የስምጥ ሸለቆው ስንጥቅ አሁንም አልተኛም። በ1953 በካራቆሬ የተነሳው ርዕደ መሬት ማጀቴን ክፉኛ ያፈረሰው፣ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ነው። በ2017 ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረውን ተከታታይ መንቀጥቀጥ የማያስታውስ የለም።

የቤት ሥራው ቀላል ነው። ቁም ሳጥኑንና ብፌውን በብረት ማዕዘን ከግድግዳ ጋር አሳስሩ። ከአልጋ ራስጌ በላይ ከባድ ነገር አትስቀሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ደረጃ ላይ መሮጥ ክፉ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን ይዞ ራስን መሸፈን፣ ሲቆም መውጣት ነው።

ናዳ ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር በክረምት መሃል እምቢ ካለ፣ ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየና እየሰፋ ከሄደ፣ አጥሩ ወይም ምሰሶው ካዘመመ፣ ንጹህ የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ከቤቱ ማራቅ፣ የቆሻሻ ውሃን ቁልቁለቱ ላይ አለመድፋት፣ ከባድ ዝናብ ሌሊቱን ከቀጠለ ዘመድ ቤት ማደር። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በአንድ ናዳ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሁለተኛው ናዳ ደርቦባቸዋል። ወገን ተቀብሮ ዝም ማለት ከባድ ነው። ግን አንድ ሰው ከላይ ቆሞ ዳገቱን ሳይመለከት ማንም ከሥሩ አይግባ።

ቅሬው ውስጥ ያለው ሀብት

ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ድንኳን አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ከሁሉ በላይ የእያንዳንዱ ቤት ስም ዝርዝርና መልእክት የሚያደርስ ሰው አለው። ይህን የመሰለ ድርጅት በገንዘብ አይገዛም። የሚጎድለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የእኛ ቅሬ ሰብሳቢ ጋሼ ሐሳቡን ስነግራቸው መጀመሪያ "ሟርት ነው" ብለው ሊያባርሩኝ ነበር። ኋላ ግን ራሳቸው ደብተር ገዝተው መጡ። ማን ብቻውን ይኖራል? ማን ኢንሱሊን ይወጋል? ማን ነፍሰ ጡር ናት? ነርስ የሆነ ማን አለ? መሰላልና ወፍራም ገመድ የማን ቤት ነው? የማገዶ ምጣድ ስንት አለ? አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ አለቀ። ከአርባ ምናምን ቤት ውስጥ የማገዶ ምጣድ የተገኘው ስድስት ቤት ነው። ስድስት ምጣድ በተራ ከጋገረ ግን ሰፈሩ አይራብም።

በዚያው ስለ መድኃኒት ተነሳ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሂድ። ሐኪሙ ከፈቀደ ትንሽ ትርፍ ይያዝ። ለኢንሱሊን ፍሪጅ ሲጠፋ አንድ ገንቦ በሌላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ አስገብቶ በመሃሉ እርጥብ አሸዋ መሙላትና በጨርቅ መሸፈን ይረዳል። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዛል። የደሴ አየር ከኮምቦልቻ ስለሚቀዘቅዝ እዚህ ይቀላል። ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ለምለም በየቤቱ ሁለት ሦስት ፓኬት ይኑር። ከሌለ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልሙጥ፣ ያልተቆለለ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ልምምድ አደረግን። ማንንም ሳላስጠነቅቅ አንድ ሰዓት ላይ ቆጣሪውን አጠፋሁት። ትንሿ ልጄ ጮኸች፤ ትልቁ "ጀሪካን!" ብሎ ወደ ቧንቧው ሮጠ። እስከዚህ ጥሩ ነበር። የእጅ ባትሪው ድንጋይ አፍስሶ ዝጓል። የፀሐይ መብራቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ስለከረመ ባዶ ነው። ክብሪት ደግሞ የለም። ባለቤቴ ማድ ቤቱን፣ እኔ ኪሴን፣ እናቴ ዕጣን ማስቀመጫዋን ስንበረብር አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። የተገኘው እናቴ ዘንድ ነው። አሁን ሁለት ክብሪት በፌስታል ተጠቅልሎ በር ጀርባ፣ ከቁጥሮቹ ወረቀት ጎን፣ በሚስማር ተሰቅሏል።